«ለጌታ ትቼዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት



ሥራን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ከእሁድ አምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በቤት ለቤት ኅብረት፣ በምክር አገልግሎትም ዘወትር ይነሣሉ። አንዱ የሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። ሌላዋ ማርገዟ ከታወቀ ጀምሮ አለቃዋ ፊት ነስቷታል። ሦስተኛው «ነገ እንዳትመጣ» ተብሎ በቃል ተሰናብቷል። እኛም ሰምተን የምንሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ጸልይበት፤ ለጌታ ተወው» እንላለን።

መጸለይ መልካም ነው፤ ከሁሉም ሊቀድም ይገባል። ይሁን እንጂ የአገራችን የሥራ ሕግ ቀን ይቆጥራል። ያልተከፈለውን ደመወዝ «ለጌታ ትቼዋለሁ» ብሎ ስምንት ወር የቆየ ሠራተኛ ኋላ ቤተሰቡ ሲራብ ሐሳቡን ቢለውጥ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ስለዚህ መተው ከፈለጋችሁ እንኳ የምትተዉትን ነገር አውቃችሁ ተዉት። ባለማወቅ ያጣነውን መብት ትዕግሥት ብለን ልንጠራው አይገባም።

«መብቴን ብጠይቅ ከመንፈሳዊነት አያጎድለኝም?» ለሚሉ ወገኖች ቃሉ ግልጽ ነው። የድሃውን ምንዳ ፀሐይ ሳትገባ እንድንከፍል ያዘዘን እግዚአብሔር ነው (ዘዳ. 24፥14-15)። የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያዕቆብ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)። ሐዋርያው ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ሲያበቃ በስውር ሊለቁት በፈለጉ ጊዜ ሮማዊ መሆኑን ነግሯቸው ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል (የሐዋ. 16፥37)። ሌሊቱን በእስር ቤት የዘመረውም ጠዋት ሕጋዊ መብቱን የጠየቀውም ያው ጳውሎስ ነው።

እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት። የምንናገረው በ2011 ዓ.ም. ስለወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ የሚመለከተው በፋብሪካ፣ በሱቅ፣ በሆቴል፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በግል ክሊኒክ፣ በግንባታ ሥራና ይህን በመሳሰለው የተቀጠሩትን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ፖሊሶች፣ ወታደሮች፣ ዳኞችና ዓቃብያነ ሕግ የራሳቸው ሕግ አላቸው። በድርጅት ውስጥ የሥራ መሪ የሆኑ ኃላፊዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ወደ መጨረሻው እናነሣዋለን።

1. የጽሑፍ ውል የለኝም። መብት አለኝ?

አላችሁ። ሕጉ የሥራ ውል በተለየ ፎርም ካልተደረገ አይጸናም አይልም። በአሠሪው ትእዛዝ ሥር ሆናችሁ ለደመወዝ የምትሠሩ ከሆነ በቃል የተደረገውም ውል ውል ነው። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌሎቹን ዋና ዋና ጉዳዮች የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው እንዲሰጥ ግዴታ ተጥሎበታል። ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ደግሞም ውሉ ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ በሕግ በተፈቀደ ምክንያት ካልተደገፈ በቀር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ቋሚ ለሆነ ሥራ በየሦስት ወሩ ውል እያደሱ ማቆየት ሠራተኛውን «ጊዜያዊ» አያደርገውም።

ይሁን እንጂ መብት ያለው ሰው ማስረጃም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከወዲሁ ያዙ፤ የባንክ ደብተር ወይም ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የመታወቂያ ባጅ፣ የፈረማችሁበትን የሰዓት መቆጣጠሪያ ፎቶ፣ አለቃችሁ በስልክ የላከላችሁን መልእክት አትጣሉ። አብረዋችሁ የሠሩ ሰዎችም ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ።

2. «ገና በሙከራ ላይ ነህ» እየተባልኩ ስድስት ወር ሆነኝ።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። እርሱም በጽሑፍ መደረግ አለበት። በቃል ብቻ «ሙከራ ነው» መባል አይበቃም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ያልሆነ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ሠራተኛው በሕጉ ሙሉ ጥበቃ ሥር ነው፤ አሠሪው ስሙን ምንም ብሎ ቢጠራው ለውጥ የለውም።

3. እሁድ እንድሠራ ታዘዝኩ። አምልኮዬስ?

ይህ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ልዩ ክብደት አለው። ሕጉ ለማንኛውም ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር ይህ ዕረፍት በተቻለ መጠን እሁድ እንዲውል ይላል። ነገር ግን እንደ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ትራንስፖርት ያሉ ሥራዎች እሁድ ሊቆሙ ስለማይችሉ በምትኩ ሌላ ቀን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ነርስ የሆነች እህት «እሁድ አልገባም» ብላ በሕግ መሟገት አትችልም፤ በሳምንቱ ውስጥ ምትክ ቀን የማግኘት መብት ግን አላት። ከባልደረባ ጋር ፈረቃ በመለዋወጥ መፍትሔ ያገኙ ብዙዎች ናቸውና አለቃችሁን በትሕትና ጠይቁ።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሆን እርሱም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውን በምሳሌ እናስረዳ። የአንድ ሰዓት ደመወዛችሁ 40 ብር ቢሆን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሠራችሁት ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 60 ብር ይከፈላችኋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 70 ብር ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ 80 ብር፤ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ፣ 100 ብር ይሆናል።

4. ዕቃ ጎደለ ተብሎ ከደመወዜ ግማሹ ተቆረጠ።

በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። በሚቻልበትም ጊዜ በአንድ ወር የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ገንዘብ ያዥና ዕቃ ግምጃ ቤት የምትሠሩ ወገኖች በተለይ ይህን ያዙ፤ ያልጎደለውን «ጎድሏል» የሚል ወረቀት ላይ ለሰላም ብላችሁ አትፈርሙ። ውሸትን በፊርማ ማጽናት ትሕትና አይደለም፤ በኋላም በእናንተው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ከዚሁ ጋር ጡረታችሁንም ተከታተሉ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ተቆርጦ በስማችሁ መግባቱን ዛሬ ብትጠይቁ ስህተቱን ማስተካከል ይቀላል። በስልሳ ዓመታችሁ ለመጠየቅ አታቆዩት።

5. ነፍሰ ጡር ነኝ። ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ?

አሠሪ ሠራተኛዋን በእርግዝናዋ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ውሏ ልዩ ጥበቃ አለው። በምሽት ከ4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት እንድትሠራ ማድረግም ክልክል ነው። ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ማቅረብ ይኖርባታል። የወሊድ ፈቃዱም ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ሲሆን ደመወዟ ይከፈላታል።

አባቶችም አልተረሳችሁም። ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ሦስት ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው። ሦስት ቀን ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ብዙ ወንድሞች ይህንንም ሳያውቁ ሚስታቸውን ሆስፒታል ትተው ሥራ ይገባሉ።

6. ብታመም ደመወዜ ይቋረጣል?

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ካልደረሰ ጉዳት የተነሣ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከሥራ ስትቀሩ በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅ፣ የሐኪም ማስረጃም ማቅረብ አለባችሁ። «አለቃዬ ያውቃል» ብሎ ዝም ማለት ብዙዎችን ጎድቷል።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ አደጋ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው እስኪድን ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ፣ በቀሪዎቹ ስድስት ወራት 50 በመቶ ይከፈለዋል።

የዓመት ዕረፍትን በተመለከተ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ ይሄዳል። ውሉ ካልተቋረጠ በቀር ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም። እግዚአብሔር ሰውን ለዕረፍት ጭምር ፈጥሮታልና ከቤተሰባችሁ ጋር ዕረፉበት።

7. በቃል «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባልኩ።

መጀመሪያ አትደናገጡ፤ ተቆጥታችሁም አትሳደቡ። ቀጥሎ የስንብት ደብዳቤ ጠይቁ። አሠሪ ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱንና የሚቋረጥበትን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ደብዳቤ ካልሰጣችሁ በማግሥቱ በሥራ ሰዓታችሁ ተገኙ፤ ምስክርም ይኑር። ይህ የሚጠቅመው ኋላ «ራሱ ሥራውን ጥሎ ጠፋ» እንዳይባል ነው። ለሥራ መገኘታችሁን የሚገልጽ አጭር ማመልከቻ ጽፋችሁ ቅጂውን አስቀሩ።

ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች በሕጉ ተዘርዝረዋል። ለምሳሌ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በአጠቃላይ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ፣ የማታለል ድርጊት የፈጸመ፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ያነሣ ሊሰናበት ይችላል። እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር። የማለዳ ጸሎት አርፍዶ ለመግባት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የምንሠራው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለጌታ ነውና (ቆላ. 3፥23)። በአንጻሩ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ሃይማኖት፣ ፆታ፣ ብሔር፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ የስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም።

በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ካገለገለ የአንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ የሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ከሆነ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ስንብቱ ከሕግ ውጭ ከሆነ ፍርድ ቤት ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሳ እንዲከፈለው ሊወስን ይችላል። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ ካሳው የአማካይ ቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። የቀን ደመወዙ 200 ብር ቢሆን 36,000 ብር ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝና የሥራ ስንብት ክፍያው ይታከላሉ።

የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲህ ይሰላል። ለመጀመሪያው ዓመት የአማካይ ቀን ደመወዝ 30 እጥፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቀን 200 ብር የሚያገኝ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት አራት ዓመታት በየዓመቱ 2,000፣ በድምሩ 14,000 ብር ይደርሰዋል።

8. በራሴ ፈቃድ ብለቅስ?

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ሳትሰጡ ብትሄዱ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዛችሁ የሚደርስ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ካገለገላችሁ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታም ከሌለባችሁ፣ በፈቃዳችሁ ብትለቁም የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባችኋል። ይህን ባለማወቅ አራት ዓመት ከአሥር ወር ሠርተው የሚለቁ አሉና ቀኑን ቁጠሩ።

አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ካደረሰባት ግን ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። እህቶቻችን ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ዝምታን የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ፤ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ነገር ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በኋላ በዚህ መብት ለመጠቀም ያለው ጊዜ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው።

ውሉ በማናቸውም ምክንያት ሲቋረጥ ቀሪው ሒሳብ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈል ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነፃ ይሰጣል፤ ማስረጃውን መያዣ ማድረግ አይፈቀድም።

9. እስከ መቼ ነው መክሰስ የምችለው?

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ይህን ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ከውሉ መቋረጥ የተነሣ የሚጠየቅ ክፍያም እንዲሁ ስድስት ወር ነው። በሕግ የተለየ ጊዜ ያልተሰጠው ሌላው ጥያቄ በአንድ ዓመት በይርጋ ይቀራል።

የት ይኬዳል? ደመወዙ ዘግይቶ ከሆነ ወይም የሥራ ሁኔታው የተበላሸ ከሆነ በየአካባቢያችሁ ባለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል። ክስ ከሆነ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ለዚህም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጠራቸው ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን፣ ሌሎችም በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን መጠየቅ ይችላሉ። በሥራ ቦታችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለም ቀድማችሁ ለእርሱ አመልክቱ፤ አሥር ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል።

10. አሠሪዬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ወንድም ወንድሙን ይከሳል?

የቆሮንቶስ ምእመናን እርስ በርስ በማያምኑ ዳኞች ፊት መካሰሳቸውን ጳውሎስ ነቅፏል (1ኛ ቆሮ. 6፥1-8)። ይህን ቃል ማለፍ አንችልም። ነገር ግን ክፍሉን እስከ ስምንተኛው ቁጥር እናንብበው። ጳውሎስ ተበዳዩን መበደልን ብትቀበል አይሻልምን ይለዋል፤ በዳዩንም ወንድምህን ታታልላለህ ብሎ ይወቅሰዋል። ደግሞም በመካከላችሁ የሚፈርድ አስተዋይ የለምን ብሎ ቤተ ክርስቲያንን ይጠይቃል። ታዲያ እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ለሠራተኛው እየጠቀስን ሌሎቹን ለአሠሪው ሳንጠቅስ እናልፋለን። መበደልን መምረጥ የተበደለው ሰው የራሱ ውሳኔ ነው፤ ደመወዝ የከለከለ ሰው ወይም ወዳጁ የሆነ ሽማግሌ ሊያዝበት አይችልም።

ስለዚህ በማቴዎስ 18 ባለው ሥርዓት ሂዱ። መጀመሪያ ብቻችሁን ተነጋገሩ። ካልሆነ አንድ ሁለት ሰው ጨምሩ። ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች አቅርቡ። መሪዎች ሆይ፣ እናንተም ቀን ቁረጡ፤ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ይርጋው ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ አይጠብቅምና። «በሚቀጥለው ወር እናየዋለን» እየተባለ ስድስት ወር ቢያልፍ የወንድሙን መብት ያጠፋው አሠሪው ብቻ አይሆንም። ከተስማሙ ስምምነቱ ይጻፍ፤ አሠሪው ዕዳውን አምኖ ይፈርም፤ የሚከፈልበትም ቀን ይገለጽ። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ የይርጋውን ቆጠራ ስለሚያቋርጥ ለሠራተኛው ዋስትና ይሆነዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይሰማ ቢሆን ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ወንድም ወደ ችሎት መሄዱን ኃጢአት አድርገን አንቁጠርበት።

11. ቤታችን ያለችው ሠራተኛስ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ጥቂቶች ናቸው። እኛ ግን ሳናነሣው ማለፍ አልቻልንም፤ ብዙዎቻችን በሥራ ቦታ ሠራተኛ ስንሆን በቤታችን አሠሪዎች ነንና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚደረግ ቅጥርን ስለማይሸፍን የቤት ሠራተኞች ከላይ የዘረዘርነውን ጥበቃ አያገኙም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር ከሆነ አሠሪው በመኖሪያውና በምግቡ ረገድ የሠራተኛውን ጤናና ሞራል እንዲጠብቅ ያዛል። ሕጉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለክርስቲያን ግን ከሕጉ በላይ የሆነ ጌታ አለው፤ ጌቶች በሰማይ ጌታ እንዳላቸው አውቀው ለሠራተኞቻቸው ጽድቅንና ቅንነትን እንዲያደርጉ ታዘዋል (ቆላ. 4፥1)። የሰንበት ትእዛዝ በዘዳግም ሲነገር ዕረፍቱ ለቤት አገልጋዮችም እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል (ዘዳ. 5፥14)።

በቤሩት ወይም በሪያድ ያለች እህታችን ፓስፖርቷ ተይዞ ደመወዟ ሲከለከል፣ የዕረፍት ቀን ስታጣ፣ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ስሟን ጠርተን እናለቅሳለን። ማልቀሳችን ትክክል ነው። በዚያው ሰዓት በእኛ ጓዳ ያለችው ልጅ መታወቂያዋ ማን ጋ ነው? ደመወዟ «ለአንቺው እናጠራቅምልሽ» ተብሎ ስንት ወር ተይዟል? እሁድ እኛ በአምልኮ ስንዘምር እርሷ የእንግዳ ምሳ እየሠራች አይደለችምን?

ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ይኸው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ደመወዟን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የሥራ ሰዓቷን፣ የዕረፍት ቀኗንና ብትታመም የምታደርጉትን ጻፉ፤ አንብባችሁላት ሁለታችሁም ፈርሙ። በስሟ የባንክ ሒሳብ አስከፍቱ፤ ደመወዟም በየወሩ በቀኑ ይግባ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ። ማታ መማር ብትፈልግ ሰዓቷን አመቻቹ። ስትሄድም ያጠራቀመችውን አገልግሎት አስባችሁ በአዋጁ ላይ ያለውን የሥራ ስንብት ስሌት ለራሳችሁ ሕግ አድርጉት። ማንም አያስገድዳችሁም፤ ሥራችሁን የሚመዝን ግን አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ያዙ። የምትስማሙበትን ጻፉ፤ ማስረጃችሁን ጠብቁ፤ ቀኑን ቁጠሩ። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት የሚሉትን ቁጥሮች ለልጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የራሱ መልክ ስላለው ወደ ክስ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ከዚያ በኋላ በጸሎት ተቀምጣችሁ «ልጠይቅ ወይስ ልተው?» ብትሉ የምትተዉት ነገር በእጃችሁ እያለ ነውና መተዋችሁም ሆነ መጠየቃችሁ በእምነት ይሆናል።

የእጃችሁን ሥራ ጌታ ይባርክ።